ድንጋይ በደረቁ የሚመዝን ሱቅ

ፍርዱን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። ደሴ ውስጥ ጥሬ ኦፓልም (ውስጡ ቀለም የሚጫወት የከበረ ድንጋይ) ይሁን ሌላ የአገር ድንጋይ ለስብስቤ ስፈልግ የምሄደው አንድ ሱቅ ነው። ርካሽ አይደለም። መብራቱ ያናድዳል። የሥራ ሰዓት የሚባል ነገር አያውቅም። ግን ድንጋይ በደረቁ ይመዝናሉ፤ ከየት እንደመጣም በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ። ድንጋይ የሚሰበስብ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ያልገባችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

የሱቁን ስም አልጽፍም፣ ምክንያቱም ስም የለውም። በሩ ላይ እስካሁን ያለው የቀድሞው ተከራይ የልብስ ስፌት ማስታወቂያ ነው። ፒያሳ አካባቢ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ፣ ሁለት ሰው ሲገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ክፍል ነው። ባለቤቱ ስልሳን የተሻገሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ድሮ ብር ሠሪ ነበሩ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ስለ ሱቅዎ ልጽፍ ነው ስላቸው «ጻፍ፣ ቤቱን ግን እንዳትጠቁም፣ ደላላ ሁሉ ይሰፍርብኛል» አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ፈላጊ ጠይቆ አያጣውም።

እኔ የኮምቦልቻ ሰው ነኝ። ድንጋይ መሰብሰብ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ነጋዴ አይደለሁም። ከቦርከና ዳር፣ ከባቲ መንገድ፣ አንዳንዴም መንገድ ሲቆፈር ከተቆለለው አፈር ላይ ያነሳሁትን በጫማ ካርቶን ነው የማስቀምጠው። አሁን አልጋ ሥር አሥራ አራት ካርቶን አለ። ሚስቴ «ሰው ለቤቱ ሥጋ ይዞ ይገባል፣ አንተ ኮብልስቶን» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ከነዚያ ካርቶኖች ግማሹ በገንዘብ የተገዛ አይደለም፣ ድንጋይ በድንጋይ ተለውጦ የመጣ ነው። ስለዚያም እመለሳለሁ።

የመጀመሪያ ኦፓሌን የገዛሁት ከዚህ ሱቅ አልነበረም። መንገድ ላይ ነው። ሻጩ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ድንጋዮቹን ከታች አስቀምጧቸዋል። ሃይላንዱን ወደ ፀሐይ ሲያዞረው ውስጡ አረንጓዴና ቀይ ብልጭ ድርግም ይላል። ልቤ ቀለጠ። አንዱን አወጣና በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ሚዛን ላይ አስቀመጠው፣ 11 ግራም። ከፈልኩ። ቤቴ ወስጄ መስኮት ላይ አኖርኩት። በሦስተኛው ቀን ድንጋዩ ነጣ፣ ኖራ መሰለ። የጎረቤት ልጅ ጠመኔ መስሎት በር ላይ ሊጽፍበት ሲል ነው የደረስኩበት። ተበላሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ከሳምንት በኋላ ግን ቀለሙ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ደስ ብሎኝ ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት፤ 10 ግራም ሆኖ ተገኘ። አንድ ግራም ውሃ በኦፓል ዋጋ ገዝቼ ነበር ማለት ነው።

ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ የሚባለው አነጋገር የወሎ ኦፓል ላይ አይሠራም። ይህ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። ሃይድሮፌን የሚሉት ዓይነት ነው፤ በውስጡ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፣ ይጠራል፣ አንዳንዱ ጭራሽ እንደ መስታወት ሆኖ ቀለሙም ይጠፋል፣ ከዚያ ሲደርቅ ለጥቂት ቀን ይደፈርስና ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁሉም እኩል አይጠጣም። ብዙ የሚጠጣው ግን ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ሃይላንድ ውስጥ ያለ ድንጋይ ሲያሳዩአችሁ ሁለት ነገር ነው የሚያሳዩአችሁ። ሲጠራ ስንጥቁ ይደበቃል፣ ሲመዘን ደግሞ ይከብዳል። ሻጩ ሁሌ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። አምራቹም ድንጋዩን ለማጠብና ውስጡን ለማየት ውሃ ውስጥ ይከተዋል፣ ከዚያው ሳያወጣው ይሸጠዋል። ልማድ ነው። ግን ልማዱ የሚጠቅመው ሻጩን ብቻ ነው።

ጋሼ ጋ አሠራሩ ሌላ ነው። ከአምራች የተረከቡትን ጋዜጣ ላይ ዘርግተው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያቆዩታል። ከዚያ ይመዝኑታል፣ ቁጥሩን በወረቀት ይጽፋሉ። ከሳምንት በኋላ ደግመው ይመዝናሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተገናኙ ድንጋዩ ለሽያጭ ወደ መሳቢያ ይገባል። ካልተገናኙ ወደ ጋዜጣው ይመለሳል። ስትገዙ ሁለቱንም ቁጥር ታያላችሁ። ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ አዲስ የገባ ድንጋይ አይሸጡም። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ምክንያቱን አይጠይቅም፤ እንኳን ድንጋይ ልብስም በሦስት ቀን አይደርቅም። አንድ ጊዜ በነሐሴ ሄጄ ጋዜጣ ላይ የተዘረጋ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀይ የሚያበራ ድንጋይ አየሁና ለመንኳቸው። «ልጄ፣ አሁን ብሸጥልህ ውሃ ነው የምሸጥልህ። መስቀል ሲያልፍ ና» አሉኝ። መስቀል ሲያልፍ ስሄድ ተሰንጥቋል። አሳዩኝና ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ፊት ከኪሴ ገንዘብ የወደቀብኝ ያህል ነው የተሰማኝ፣ ሳልገዛውም።

መሰንጠቅ የኦፓል ትልቁ በሽታ ነው። ኦፓል ሲሊካና (አሸዋ በብዛት የተሠራበት ነገር) ውሃ ነው፤ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 10 በመቶ ይሆናል። አንዳንዱ ድንጋይ ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ አይችለውም፣ ይሰነጣጠቃል። ከወሎው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ የኢትዮጵያ ኦፓል ተብሎ መጀመሪያ ውጭ የወጣው የሸዋው የመዘዞ ድንጋይ ነበር። ክብ ክብ ሆኖ ይወጣል፣ ከውጭ ተራ ድንጋይ ይመስላል፣ ሲሰበር ውስጡ ጉድ ነው። ግን ብዙው ይሰነጠቅ ስለነበር ገዢዎች ከኢትዮጵያ ሲባል ፊታቸውን ያጠቁሩ ነበር። ያንን ስም የቀየረው በ2000 ዓ.ም. ግድም የወጣው የወሎው፣ የደላንታው ነው፣ ወገልጤና፣ ፀሐይ መውጫ አካባቢ። ይሄኛው ከፊት ከነበረው ይልቅ ይችላል። ይችላል ማለት ግን ሁሉም ይችላል ማለት አይደለም፣ የነሐሴው ቀዩ ምስክሬ ነው።

ድንጋዩ እዚያ እንዴት እንደሚወጣ አንዴ ሄጄ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ስከራከር ድምፄ ቀንሷል። ኦፓሉ ያለው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ያነጠፋቸው ድርብርብ ድንጋዮች መሐል፣ አንዲት ቀጭን ንጣፍ ውስጥ ነው። ንጣፏ ገደሉ ወገብ ላይ ትሄዳለች። ከላይ አምባ፣ ከታች ገደል። ወጣቶቹ በእጅ መሣሪያ ወደ ውስጥ እየቆፈሩ ይገባሉ፣ ብዙውም ደጋፊ እንጨት የለውም። መሬት ተደርምሶ የቀረ ሰው ታሪክ የማያውቅ ቤት እዚያ ያለ አይመስለኝም። እኔ ጫፉ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ልጁ ግን ከረጢት ተሸክሞ በነጠላ ጫማ ወጣ።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ሁለተኛው ነገር ወረቀቱ ነው።

ለጌጥ የሚገዛ ሰው ድንጋዩ ያብራ እንጂ ከየት መጣ አይልም። ሰብሳቢ ግን ወረቀት የሌለውን ድንጋይ አባቱ እንዳልታወቀ ልጅ ነው የሚያየው። አንድ ዓይነት የሚመስል ድንጋይ ደላንታ ከሆነ ሌላ፣ መዘዞ ከሆነ ሌላ ነው። ጥቁር ኦፓል ደግሞ ጋሸና አካባቢ ከስታይሽ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው፣ እሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ጋሼ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ጋር የሲጋራ ወረቀት የምታክል ቁራጭ ያስቀምጣሉ። ወረዳ፣ ቦታ፣ የገባበት ወር፣ ሁለቱ ክብደቶች፣ ከዚያ በመጨረሻ አንድ ቁጥር አለ፣ 1 ወይም 2 ወይም 3። መጀመሪያ ደረጃ መስሎኝ ነበር። ለካ ድንጋዩ እሳቸው ጋ እስኪደርስ በስንት ሰው እጅ አለፈ ማለት ነው። 1 ከሆነ ቆፋሪው ራሱ አምጥቶታል። 3 ከሆነ «ቦታውን ሰዎቹ ነገሩኝ እንጂ እኔ አልምልበትም» ይላሉ። የማያውቁት ላይ «አገሩ ያልታወቀ» ብለው ይጽፋሉ፣ ዋጋውንም ዝቅ ያደርጋሉ። ይህን የሚያደርግ ሌላ ሻጭ እኔ አላጋጠመኝም። ብዙ ቦታ ድንጋዩ እንደ ገዢው ፊት አገሩ ይቀያየራል።

ስለ ጥቁር ኦፓል ካነሳሁ አይቀር አንድ የራሴን ጉድ ላውራ። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ሌላ ሰብሳቢ ጋር ድንጋይ ተለዋወጥኩ። እኔ ቦርከና ዳር ያገኘሁትን፣ ለሁለት አስቆርጬ ውስጡ እንደ ሽንኩርት ንብርብር የሆነ አጌት ሰጠሁ። እሱ ጥቁር ሆኖ ውስጡ ሰማያዊ የሚጫወት ኦፓል ሰጠኝ፣ ስታይሽ ነው አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነበርኩ። ጋሼ ጋ ወስጄ ሳሳያቸው ገና ሳይነኩት አፍንጫቸውን ነፉ። ከዚያ ጠርዙ ላይ የተሸረፈችውን ቦታ በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ፤ ጥቁሩ እንደ ዳቦ ቅርፊት ላዩ ላይ ብቻ ነው፣ ውስጡ ፈዛዛ ነጭ። በጭስ የጠቆረ ድንጋይ ነው። የደላንታው ውሃ እንደሚጠጣ ሁሉ ጭስም ይጠጣል፣ ቀለምም ይጠጣል። በጣም ደማቅ ሐምራዊ ወይም ሮዝ የወሎ ኦፓል ካያችሁም እንዲሁ ጠርጥሩ፣ የተነከረ ነው። የተነከረ መሸጥ ነውር የለውም፣ ተነክሯል ተብሎ እስከተነገረ ድረስ። አጌቴ ግን ሄደች። እስካሁን ሳስባት ያመኛል፣ ለሁለት የተቆረጠችውን ሁለቱንም ግማሽ ነበር የሰጠሁት፣ ቢያንስ አንዱን ማስቀረት እችል ነበር።

እዚህ ሱቅ ድንጋይ በድንጋይ መለወጥ ይቻላል፤ ለእኛ ለሰብሳቢዎች ትልቁ ጥቅሙም ይሄ ነው። ሕጉ ቀላል ነው። የምታመጡት ድንጋይ ያለ ወረቀት አይገባም። የት እንዳገኛችሁት መናገር አለባችሁ፣ እሳቸውም ይጠይቃሉ፣ ወንዝ ዳር ነው ወይስ ከአለቱ ላይ፣ ከወዲህ ነው ወይስ ከወዲያ። ከተጠራጠሩ ሻይ ያዝዙና ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፤ ሻይ ካዘዙላችሁ ድንጋያችሁ አልተወደደም። ክብደት በክብደት አይለውጡም። ይገባልም፣ አንድ ኪሎ ባልጩት በአንድ ግራም ኦፓል የማይለወጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለት ሦስት ድንጋይ ፊታችሁ ያስቀምጡና «ምረጥ» ይላሉ። ከመረጣችሁ በኋላ ትንሽ ጠጠር ምርቃት ይጨምራሉ። ያቺ ምርቃት አንዳንዴ ከዋናው ትበልጣለች። እኔ ዛሬ ከምወዳቸው አንዷ እንደዚያ የመጣች ናት፤ የጥፍር ታህል ቁራጭ፣ በባዝልት ቀዳዳ ውስጥ እንደ በረዶ መርፌ የበቀለ፣ ዚዮላይት የሚባል ነጭ ማዕድን። ተነፍሶባት እንዳትሰበር ክብሪት ቀፎ ውስጥ በጥጥ ነው የምትተኛው።

ኦፓል ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ከአፋር በኩል የመጣ ባልጩት አለ፣ ጥቁሩም፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላውም። የእሳተ ገሞራ መስታወት ስለሆነ ሲሰበር ጠርዙ ይቆርጣል፣ ጣቴ ያውቀዋል። አጌትና ኢያስጲድ አለ። እነዚህ ጠንካራ ናቸው፣ መስታወት ይጭራሉ፤ ኦፓል ግን ለስላሳ ነው፣ መንገድ ላይ ባለ አቧራ እንኳ ይጫራል፣ ምክንያቱም አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ከእሱ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ስለዚህ ኦፓላችሁን በደረቅ ጨርቅ ፈግፍጋችሁ አታብሱ። ከደቡብ ከሻኪሶ በኩል የመጣ ጥሬ ኤመራልድም አንድ ሁለት አይቻለሁ፣ ግን ዋጋውን ሰምቼ ቶሎ አስቀመጥኩት።

የማይገዙትም ነገር አለ። አንድ ቀን አንድ ልጅ በፌስታል ባልጩት ይዞ መጣ። ጋሼ አንዷን አንስተው አገላበጡና ፊታቸው ተለወጠ። ጠርዟ በሥርዓት የተፈለጠች ናት፣ የጥንት ሰው መሣሪያ። «ይሄ ድንጋይ አይደለም፣ ቅርስ ነው። ያነሳህበት ቦታ መልሰው፣ ወይም ባህልና ቱሪዝም ውሰደው» አሉት። ልጁ ቅር አለው፣ ገንዘብ ፈልጎ ነበር። እኔም ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አሥራ አራቱንም ካርቶን ፈተሽኩ። አንዲት አጠራጣሪ አገኘሁና ወስጄ አስረከብኩ። አጠራጣሪ ብቻ ናት ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፣ ግን ዘጠኝ ዓመት አልጋ ሥር ነበረች።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። እኛ ሰብሳቢዎች እርስ በርስ ጠጠር ብንለዋወጥ ማንም አያየንም፤ የከበረ ድንጋይ መግዛትና መሸጥ ሥራ ካደረጋችሁት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ጋሼ ፈቃዳቸውን መስታወት አልብሰው ከሚዛኑ በላይ ሰቅለውታል። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ጥሬ ኦፓል በሻንጣ ልኬ እሸጣለሁ የምትሉ ደግሞ ተዉት፣ ኤርፖርት ላይ ትለቅሳላችሁ። ለውጭ እንግዳ ሲሸጡ ጋሼ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ «ያለዚህ እንዳትወጣ» ብለውም ደጋግመው ይናገራሉ፤ እንግዳው አማርኛ ባይሰማም በእጅ ምልክት ያስረዳሉ፣ ሁለት እጃቸውን አጣምረው የካቴና ምልክት ያሳያሉ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

መብራቱ። አንዲት አምፖል ናት፣ ቢጫ። ኦፓል በቢጫ መብራት ሁሉም ቀይ ይመስላል። በሌላ በኩል ያለው የሻጮች ዘዴ ደግሞ የስልክ ባትሪ ነው፣ በእሱ ስታዩት ጠጠርም ያበራል። የኦፓል ቀለም እንደ ጨርቅ ቀለም ውስጡ የተነከረ አይደለም። በጣም ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች ሥርዓት ይዘው ሲደረደሩ ብርሃኑን ይበትኑታል፤ ይህንን የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው ያዩት። ስለዚህ ብርሃኑ ከተለወጠ ድንጋዩም ይለወጣል። እኔ የምፈልገው በጥላ ውስጥ፣ በደመና ቀን የሚያበራውን ነው። ደሴ ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ናት፤ ጦሳ ጉሙን ሲለቅባት ጠዋት ላይ ድንጋዩን ይዛችሁ ደጅ ውጡ፣ ጉም ውስጥ ካበራላችሁ ግዙት። ጋሼ መታወቂያ አስይዛችሁ ደጅ እንድትወጡ ይፈቅዳሉ። አንዴ መታወቂያዬን ረስቼ ኮምቦልቻ ገብቻለሁ፣ ሐረጎን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ወጣሁ።

የመሞረዱ ሥራ። ከጓዳ ልጃቸው ድንጋይ ይሞርዳል። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ይቸኩላል። የወሎ ኦፓል ሲሞረድ ከባድ ነው፤ መሞረጃው ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ ይጠጣና ይጠራል፣ ቀለሙ የት እንዳለ አይታይም፣ በጭፍን ነው የሚሠራው። በደረቁ ሲሞርዱት ደግሞ ይግላል፣ አቧራውም ለሳንባ ጠላት ነው። የእኔ ድንጋይ ጋለ። ጠዋት ሰጥቼው ከሰዓት ስመለስ መሐሉ ላይ ስንጥቅ አለ፣ ቀጥ ብሎ እንደ ፀጉር። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጋሼ «አብሽር፣ ከመሳቢያው የፈለግኸውን ውሰድ» አሉ። ወሰድኩ፣ ክብደቱም ተመጣጣኝ ነው። ግን የእኔው ድንጋይ ከደላንታ ራሴ ያመጣሁት ነበር፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሜ ከዚያ ባለነጠላ ጫማው ልጅ የገዛሁት። ያንን በምን ይተኩልኛል? ለመሞረድ እዚህ አትስጡ ነው የምለው፣ ቢያንስ የምትወዱትን አትስጡ። ልጁ ጭንብል ያድርግ ብዬም ነግሬያለሁ፣ አንዳንዴ ያደርጋል፣ አንዳንዴ አገጩ ላይ ነው የሚሰቅለው።

ዋጋ። መንገድ ላይ ካለው ይበልጣል፣ በእኔ ግምት ሩብ ያህል። ውሃውን ስትቀንሱ ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። ክርክር ብዙ አይወዱም፤ ሦስት ጊዜ ከቀነሳችሁ ድንጋዩን ወደ መሳቢያው ይመልሱታል። አንድ ነገር አስተውሉ፣ እዚህም ሌላም ቦታ። ጥሬው በግራም፣ የተሞረደው በካራት ነው የሚነገረው። አንድ ግራም አምስት ካራት ነው። መንገድ ላይ «መቶ ብር ብቻ» ሲሏችሁ በካራት ከሆነ በግራም አምስት መቶ ብር ነው። ጋሼ ሁለቱንም ይናገራሉ፣ ያልጠየቃችሁትንም።

ሰዓታቸውን ተዉት። ቅዳሜ ጠዋት ይኖራሉ፣ ካልኖሩም ቀብር ሄደዋል፣ ካልሆነም ሠርግ። ስልክ አይዙም። ከጎን ያለችው ቡና ቤት ቁልፉ ያለው ማን ጋ እንደሆነ ትነግራችኋለች፣ ቡናዋም ጥሩ ነው፤ በረካ ሳይደርስ መነሳት ግን አይቻልም፣ ትቆጣለች። ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ልጁ ካለ።

አንድ ያልወደድኩት ነገር ቀርቶኝ ነበር። ጥሩ ጥሩውን ለቆዩ ደንበኞች ያስቀምጣሉ። ከመሳቢያው ሥር ሌላ መሳቢያ አለ፣ ያንን ለማየት እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አዲስ ሰው ገብቶ ላዩን ብቻ አይቶ ይሄዳል፣ ሱቁ ባዶ ነው ብሎም ያወራል። አንድ ሁለት ሰው እንደዚያ ሲል ሰምቻለሁ። ጋሼን ስጠይቃቸው «ታችኛውን ለሁሉ ካሳየሁ ለአንተ ምን ይተርፋል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ፣ ምክንያቱም ተጠቃሚው እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከባቲ መንገድ ያነሳሁትን አንድ አጌት ይዤ ሄድኩ። ያልተቆረጠ፣ እንደ ድንች ያለ። ወረቀቱን ጽፌ፣ ቦታውን በደንብ ገልጬ። አገላበጡት፣ ምላሳቸውን አስነኩት፣ ወደ በሩ ወስደው አዩት። ከታችኛው መሳቢያ አንድ የደላንታ ኦፓል አወጡና ከጎኑ አስቀመጡት፣ 4.2 ግራም፣ ሁለቱም ጊዜ 4.2፣ እጅ 1። ጀርባው ላይ ቡናማ አለቱ እንዳለ ነው፣ ፊቱ ላይ አረንጓዴ ይሮጣል። እጄን ስዘረጋ «ቆይ» አሉ። «አንተን ሻይ ልጋብዝህ፣ እስኪ መጀመሪያ የት እንዳገኘኸው ንገረኝ።»